ባሕር በደጋ ቤት፤ የዛጎል ጉዞ ወደ ባሌ

የጎባ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች የደጋ ከተማ ናት። ከበላይዋ የሳነቲ አምባ በ4,000 ሜትር ከፍታ ተንጣሎ ይታያል፤ ከአምባውም ላይ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ እስከ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ጉምና ውርጭ በሚፈራረቁበት በዚህ አገር ስለ ባሕር ዳርቻ ጌጥ ማውሳት ለጊዜው ፌዝ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ከጎጆው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን የወተት ዕቃ፣ ወይም በእናት ጀርባ ላይ ያለውን አንቀልባ ቀረብ ብሎ ያስተዋለ ሰው ከውቅያኖስ የመጣ አንድ እንግዳ ያገኛል። እንግዳው ዛጎል ነው። ቤትን በባሕር ጌጥ በርካሽ ማሳመር የቅርብ ጊዜ ፈሊጥ የሚመስለው ቢኖር፣ የባሌ እናቶች እጅግ ቀድመውታል።

ዛጎል በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቅ ዳርቻዎች የሚኖር የአንድ ትንሽ የባሕር ቀንድ አውጣ ቤት ነው። ስዊድናዊው የተፈጥሮ ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1758 ለአንደኛው ዓይነት «ሞኔታ»፣ ማለትም ገንዘብ፣ የሚል የላቲን ስም የሰጠው ያለ ምክንያት አልነበረም። ዋነኛ መገኛው የማልዲቭ ደሴቶች ነበሩ። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው ዐረባዊ የታሪክ ሊቅ አል መስዑዲ እንደሚተርከው፣ የደሴቶቹ ሰዎች የኮኮነት ዘንባባ ዝንጣፊ በውሃው ላይ ይጥላሉ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ይለጠፉበታል። ዝንጣፊው ተስቦ ከአሸዋው ላይ ሲጣል ሥጋው በፀሐይ ይጠፋና ባዶው ቅርፊት ይቀራል። እንግዲህ ዛጎል በትውልድ አገሩ ከዚህ የበለጠ ድካም የማይጠይቅ፣ እጅግ ርካሽ ዕቃ ነበር።

ርካሹን ውድ ያደረገው ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1343 ወደ ማልዲቭ ደርሶ በዳኝነት ያገለገለው መንገደኛ ኢብን ባጡጣ፣ በዚያ 400,000 ዛጎል በአንድ የወርቅ ዲናር ይሸጥ እንደነበር ጽፏል። ይኸው ሰው ከዓመታት በኋላ በምዕራብ አፍሪካ በማሊ መንግሥት ሲዘዋወር በአንድ ዲናር የሚገኘው ዛጎል 1,150 ብቻ ሆኖ አገኘው። ከዚህ ልዩነት ብዙ ሀብት፣ ከሀብቱም ጋር ብዙ ግፍ ተወለደ። ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ነጋዴዎች ዛጎልን በመርከብ እየጫኑ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ወሰዱ፤ በዛጎሉም የሰው ልጅ ገዙበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ከዛንዚባር ጠረፍ የተሰበሰበ ሌላ ዓይነት ዛጎል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ገንዘቡ ዋጋ አጣ፤ ለክፉ ቀን ብሎ ያጠራቀመው ሁሉ ባዶ እጁን ቀረ።

የባሌ ዛጎል ታሪክ ግን ሌላ ነው። አል ዑመሪ የተባለው የካይሮ ጸሐፊ በ14ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ስለ ሰባቱ የዘይላ እስላማዊ ግዛቶች ሲዘግብ፣ ከሰባቱ አንዷ በሆነችው በባሌ ሕዝቡ ከብት፣ በግና ጨርቅ እየተለዋወጠ እንደሚገበያይ አስፍሯል። በኋለኛውም ዘመን በኢትዮጵያ ደጋማ አገሮች የገንዘብን ሥራ የሠሩት አሞሌ ጨውና የማሪያ ቴሬዛ ብር ናቸው። ስለዚህ ዛጎል ወደ ባሌ ሲደርስ በጌጥነቱ ተቀባይ አገኘ እንጂ ሰው የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ገንዘብ አልሆነም። በሌላው አገር በሣጥን የተቆለፈው፣ በባሌ ለሁሉ ዓይን በሚታይ ቦታ በወተት ዕቃ ላይ ተሰፋ።

የገባበትም መንገድ የታወቀ ነው። ከዘይላና ከበርበራ ወደቦች የሚነሡ የግመል ቅፍለቶች የኦጋዴንን ቆላ አቋርጠው ወደ ባሌ ይዘልቁ ነበር። በዚህ መንገድ ላይ ሁለት ታላላቅ መሰብሰቢያዎች ነበሩ። አንደኛው ከኦሮሞም ከሶማሌም አገር ምእመናን የሚጎርፉበት የድሬ ሼክ ሁሴን መካነ ጸሎት ሲሆን፣ ሁለተኛው የሶፍ ዑመር ዋሻ ነው፤ በዋሻው አፍ ገበያ ይቆም ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም ዶናልድሰን ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1894 ከበርበራ ተነሥቶ ሼክ ሁሴንንና ሶፍ ዑመርን የጎበኘው በዚሁ አቅጣጫ ተጉዞ ነው። ከደጋው ቡና፣ ቆዳና ቅቤ ሲወርድ ከጠረፉ ጨርቅ፣ ጨሌና ዛጎል ይወጣ ነበር።

ዛጎሉ ከቤት ከደረሰ በኋላ ያለው ሥራ የሴቶች ነው። ባለሙያዋ የዛጎሉን ጉብታ ጀርባ ሰብራ ወይም በድንጋይ ፍቃ ታነሣዋለች፤ ያን ጊዜ ዛጎሉ ጠፍጠፍ ይልና ክር የሚያሳልፍ ቀዳዳ ያገኛል። ጥርሳም ከንፈሩን ወደ ውጭ አድርጋ በጅማት ወይም በቀጭን ጠፍር በቆዳው ላይ ትሰፋዋለች። ብዙ ዛጎል አያስፈልጋትም፤ በክዳኑ ዙሪያ አንድ ረድፍ፣ በማንገቻው ላይ ጥቂት ፍሬዎች ይበቃሉ። ነጩ ዛጎል በወይራ ጢስ በጠቆረው ዕቃ ላይ ሲያርፍ ከሩቅ ያበራል። ግማሽ የተከደነ ዓይን ስለሚመስልም የሰው ዓይን ይመልሳል፣ ልጅንና ወተትን ይጠብቃል የሚል እምነት አለ። ቆዳው ሲያረጅ ዛጎሉ አያረጅምና ተፈትቶ በአዲሱ ዕቃ ላይ ይሰፋል። እናት ያጌጠችበትን ልጅ ትወርሰዋለች። ርካሽ ጌጥ ማለት ተራ ጌጥ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም፤ በሰፊዋ እጅ የገባው ዋጋ ከነጋዴው ሚዛን ላይ አልነበረም።

ጎባ ራሷ ይህን ታሪክ በሌላ መልኩ ትመሰክራለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የምኒልክ ጦር ባሌን ከያዘ በኋላ ስፍራው የጦር ሰፈር ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሌ ከሐረርጌ ተለይታ ጠቅላይ ግዛት ስትሆንም መዲናዋ ጎባ ነበረች። ከሰሜን የመጡት ቤተሰቦች በዛጎልና በጨሌ ያጌጠ የቆዳ አንቀልባ ያውቁ ነበር፤ የአርሲ ኦሮሞ እናቶችም የወተት ዕቃቸውንና የቆዳ ልብሳቸውን በዚያው ዛጎል ያስጌጡ ነበር። በመሬትና በግብር የተነሣው በደል እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1970 የዘለቀውን የባሌ ገበሬዎች አመፅ አስከትሏል። ያን ያህል በተራራቁት ወገኖች ጓዳ ውስጥ ግን አንድ ዓይነት የባሕር ጌጥ ተሰቅሎ ነበር። ከአንድ ገበያ ገዝተውት ሊሆን ይችላል፤ አዋጅም ሆነ ዜና መዋዕል ግን ይህን አልመዘገበም።

ዛሬ የወተቱን ዕቃ ቦታ የፕላስቲክ ጀሪካን እየወረሰው ነው። ጀሪካን ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው፣ አይሰበርም፤ የገዛችውን እናት መውቀስ አይገባም። ነገር ግን ጀሪካን ጌጥ አይቀበልም፤ ሲያረጅም ለልጅ የሚተርፍ ነገር የለውም። ዛጎሉ በበኩሉ በአዲስ አበባ የስጦታ ዕቃ መደብሮች በአንገት ሐብልና በቦርሳ ላይ ተሰፍቶ ይሸጣል። ይህም በራሱ ነውር አይደለም፤ ዛጎል ሁልጊዜም ነጋዴ ተከትሎ የሄደ ነው። ጉዳቱ አሮጌው ዕቃ ሲጣል ረድፉን ማን እንደ ሰፋው፣ ስንት ፍሬ ከየት እንደ ተወረሰ፣ ለየትኛዋ ሙሽራ እንደ ተሠራ የሚናገረው ቃልም አብሮ መጣሉ ነው። ቤተ መዘክር ዕቃውን ሊያኖር ይችላል፤ የሠሪዋን ስም ግን ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ካልተገኘ ዕቃው ዲዳ ሆኖ ይቀመጣል። የሚጠየቁት እናቶች ደግሞ ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ባሕር ለባሌ ፈጽሞ ባዕድ አልነበረም። የሶፍ ዑመር ዋሻ የተቦረቦረበት የኖራ ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምሥራቅ ኢትዮጵያን ሸፍኖ በነበረ ባሕር ወለል ላይ የተነጠፈ ነው። ያን ድንጋይ ሰንጥቆ የሚያልፈው የዌብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ተነሥቶ ከገናሌ ጋር ይቀላቀልና በጁባ በኩል ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ያመራል። ውሃው ቁልቁል ወደ ባሕር ሲወርድ ዛጎሉ በግመል ጀርባ ሽቅብ ወደ ደጋው ወጣ። በጢስ በጠቆረ የወተት ዕቃ ክዳን ላይ የተሰፋው ነጭ ረድፍ የዚህ ጉዞ መዝገብ ነው፤ ጸሐፊዎቹም ስማቸው ያልተጻፈ የባሌ ሴቶች ናቸው።