ገበሬው ፈሪ ነውን?

ድሃ ገበሬ አዲስ ዘርና ማዳበሪያ ሲቀርብለት የሚያመነታው በጠባዩ ፈሪ ስለሆነ ነው ሲባል ኖሯል። ይህን አባባል በተግባር ከፈተኑት አንዱ የስዊስ ተወላጁ የኢኮኖሚ ምሁር ሀንስ ቢንስዋንገር ናቸው። ምሁሩ ሀይደራባድ አጠገብ በሚገኘው ኢክሪሳት በተባለው ዓለም አቀፍ የሰብል ምርምር ተቋም ሲሠሩ በሕንድ መንደሮች ያደረጉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ።

በመጀመሪያ የተሞከረው ዘዴ «እንዲህ ቢሆን ምን ትመርጣለህ?» እያሉ መጠየቅ ነበር። ይሁን እንጂ መልሱ በጠያቂው ማንነት የሚለዋወጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እኛ ዘውድና ጎፈር ወደምንለው ጨዋታ ተዞረ። ገበሬው ሳንቲሙ በየትኛውም ወገን ቢወድቅ 50 ሩፒ መውሰድ ይችላል፤ ወይም በአንዱ ወገን ባዶ እጁን ሊቀር፣ በሌላው 200 ሩፒ ሊያገኝ ይመርጣል። በመካከል ሌሎች ምርጫዎችም ነበሩ። ገንዘቡ በእርግጥ ይከፈላል፤ መጠኑም ቀላል አልነበረም፤ ለአንድ ተራ የጉልበት ሠራተኛ ከወር ገቢው የሚበልጥ ነበር።

ጨዋታው በግማሽ ሩፒ ሲጀመር ምርጫው የተበታተነ ነበር፤ አንዱ ደፋር፣ ሌላው ጠንቃቃ ሆነ። ገንዘቡ ከፍ ሲል ግን ሀብታሙም ድሃውም ወደ ተቀራራቢ ጥንቃቄ መጡ። እንግዲህ ማዳበሪያ የሚገዛውን ከማይገዛው የሚለየው ልቡ ካልሆነ፣ ተመራማሪው ብድር የማግኘቱን ዕድልና የመሳሰለውን መመርመር ይኖርበታል ማለት ነው።

በእኔ አስተያየት ዘዴው አንድ ጉድለት አለው። ተጫዋቹ ቢሸነፍ ሳይሰጠው ይቀራል እንጂ ከራሱ ኪስ አይከፍልም፤ ዝናብ ሲቀር ግን ገበሬው የሚያጣው የራሱን በሬ ነው።