የኦፓል እንክብካቤና የውሃ ፈተና

የከበረ ድንጋይ ደዌን ይፈውሳል የሚለው እምነት ከጥንት የመጣ ነው። ዛሬም በውጭው ዓለም ድንጋዩን ለማንጻት በጨው ውሃ የሚዘፈዝፉ ብዙዎች ናቸው። ለኢትዮጵያ ኦፓል ግን ይህ ልማድ አደገኛ ፈተና ነው።

ለሚን ባቀፈው በሰሜን ሸዋ ምድር፣ በመንዝ መዘዞ አካባቢ የተገኘው ቡናማ ኦፓል እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለዓለም ታወቀ፤ ብዙው የሚሰነጠቅ በመሆኑ ግን ዝናው ደበዘዘ። በ2008 በወሎ፣ በወገል ጤና የተገኘው አብዛኛው ኦፓል ደግሞ ውሃ መጣጭ ነው፤ ሲነከር ኅብሩን ሰውሮ እንደ መስተዋት ይጠራል፣ ሲደርቅ ይመለስለታል። ዘይትና ባለቀለም ፈሳሽ ግን ሊያጎድፉት ይችላሉ። ስለዚህ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከኃይለኛ ሙቀትም ማራቅ ይገባል።

የድንጋዩ ፈዋሽነት በሳይንስ አልተረጋገጠም። ሕይወቱን ለአደጋ አጋልጦ ከገደል አፋፍ የሚያወጣው ገበሬ ላብ ግን እውነት ነው። ድንጋዩን መንከባከብ ያንን ላብ ማክበር ነው።