ውሃው ሲወጣ የሚጠነክር ገመድ

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ፣ የውሃ ጉድጓዶቹን በያዘው የኢጣሊያ ጦርና በኢትዮጵያ ጦር መካከል ተኩስ ተከፈተ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ የካቲት 21 ቀን፣ አሜሪካ ዴላዌር በሚገኘው የዱፖንት ቤተ ሙከራ በዋላስ ካሮተርስ የሚመራው ቡድን ዛሬ ናይለን 6,6 የምንለውን ነገር ሠራ። የዚህ ቡድን ጭንቅም ውሃ ነበር፤ የእነርሱ ግን ውሃን ማባረር ነው።

ምክንያቱን ከተልተሌ እስከ ዱብሉቅ ያለ ቦረና ቶሎ ይረዳዋል። በጥልቁ የኤላ ጉድጓድ ውስጥ ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ ድሮ ከቀጭኔ ቆዳ ይሠራ በነበረው ኦኮሌ ውሃውን እየተቀባበሉ ያወጣሉ። እያንዳንዱ ከበታቹ ካለው ተቀብሎ ከበላዩ ላለው ካላቀበለ ሰልፉ እዚያው ይቆረጣል። የናይለን ሞለኪውሎችም እንዲሁ በሁለት ወገን መያያዝ አለባቸው። ሄክሳሜቲሊን ዳይአሚን በሁለቱም ጫፍ አሚን፣ አዲፒክ አሲድ ደግሞ በሁለቱም ጫፍ አሲድ አለው። አሚኑ ሃይድሮጅን፣ አሲዱ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሲለቁ፣ የተለቀቀው ውሃ ይሆናል፤ የቀሩት ጫፎች አሚድ በሚባል ትስስር ይጋጠማሉ። ሁለቱም ስድስት ስድስት ካርቦን ስላላቸው ነው 6,6 የተባለው።

ችግሩ ውሃው እዚያው ከቀረ ትስስሩን መልሶ መፍታቱ ነው። ከጫፎቹ ግማሹ ቢያያዙ ሰንሰለቱ በአማካይ ሁለት ሞለኪውል ብቻ ይሆናል፤ 99 በመቶው ሲያያዙ ግን መቶ ይደርሳል። ጠንካራ ክር የሚገኘው በዚያች በመጨረሻዋ ጥቂት መቶኛ ነው። በ1922 ዓ.ም. የካሮተርስ ባልደረባ ጁሊያን ሂል ውሃውን በቫክዩም እየሳበ ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊስተር ሠራ። ከቅልጡ የሳበው ክር ከቀዘቀዘ በኋላ ሲጎተት ይበልጥ ጠነከረ። ፖሊስተሩ ግን በትንሽ ሙቀት የሚቀልጥ ነበር፤ በ260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚቀልጠው ናይለን ያንን ጉድለት ሞላ።

ካሮተርስ የልፋቱን ፍሬ አላየም። ሚያዝያ 21 ቀን 1929 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ራሱን አጠፋ። ናይለን ለሕዝብ የተነገረው ጥቅምት 17 ቀን 1931 ዓ.ም. ነው። በመላው አሜሪካ የናይለን የሴቶች ካልሲ ሽያጭ በ1932 ተጀመረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ክሩ ለፓራሹትና ለገመድ ዋለ።

ትስስሩ ራሱ ግን አዲስ አልነበረም። የጠፍርና የኦኮሌ ቆዳ፣ የበግ ፀጉርና ሐር ሁሉ በዚሁ በአሚድ ትስስር የተሠሩ ናቸው። ካሮተርስ ያደረገው፣ የእንስሳት አካል ሲሠራው የኖረውን በፋብሪካ መሥራት ነው። ልዩነቱ መጨረሻቸው ላይ ይታያል፤ ያረጀ ጠፍር አፈር ውስጥ ይበሰብሳል፣ ናይለን ግን ለረጅም ዘመን ይቆያል።

ለተልተሌ ገበያተኛ አንድ ነገር፦ ናይለን ተብሎ የሚሸጥ ገመድ ሁሉ ናይለን አይደለም፤ ብዙው ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከገመዱ ትንሽ ቆርጦ፣ አየሩ እስኪወጣ በውሃ ውስጥ አሽቶ መልቀቅ ነው። ከተንሳፈፈ ናይለን አይደለም፤ ናይለን ይሰምጣል።