የሙዚቃ አድማጭ ትዝታም ታሪክ ነው



የአገራችን የሙዚቃ ታሪክ በሚነገርበት ጊዜ ዘወትር የሚነሣው የዘፋኙ፥ የግጥም ደራሲውና የመሣሪያ ተጫዋቹ ስም ነው። ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ግን የመግቢያ ዋጋ ከፍሎ፥ በወንበሩ ተቀምጦ ያዳመጠው ሰው ምን እንዳየና ምን እንደ ተሰማው የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በዛሬው ንግግራችን ከምዕራብ ጎጃም ከቡሬ ተነሥተው አዲስ አበባ በገቡ በአንድ አድማጭ፥ ማለትም በእናቴ ታላቅ ወንድም ትዝታ እየተመራን፥ ያለፈውን ዘመን በአጭሩ እንመለከታለን።

አጎቴ የተወለዱት በ1932 ዓ.ም. ነው። በልጅነታቸው በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር ሙዚቃ ማለት የሠርግ ዳስና የጠጅ ቤት፥ የአዝማሪና የማሲንቆ ነገር ነበር። በዚያ ሥርዓት አድማጩ ዝም ብሎ የሚቀመጥ እንግዳ አይደለም። «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪውም ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ደስ ያለውም ሰው ብር አውጥቶ በግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ስለዚህ ዘፈኑ የሁለት ወገን ሥራ ነው፤ ግማሹ ከአዝማሪው፥ ግማሹ ከአድማጩ ይመጣል።

አዲስ አበባ ግን ሌላ ሥርዓት አቁማ ነበር። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን ኢየሩሳሌምን በጎበኙ ጊዜ አርባ የአርመን እጓለ ማውታን ወደ ኢትዮጵያ አስመጡ። «አርባ ልጆች» በመባል የታወቁት እነዚህ ወጣቶች በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የነሐስ መሣሪያ ይጫወቱ ነበር። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተመሠረተ። በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ የተጫነበት 25ኛ ዓመት ሲከበር፥ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተከፈተ። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎችም በሕዝብ ዘንድ ስማቸው ገነነ።

አጎቴ በ1952 ዓ.ም. በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠሩ። የመጀመሪያ ደመወዛቸውን እንደ ተቀበሉ ከባልንጀራቸው ኮት ተውሰው ወደ ቴአትር ቤቱ ሄዱ። የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተሰልፎ፥ ገና ሃያ ዓመት ያልሞላው ጥላሁን ገሠሠ መዝፈን ሲጀምር፥ የአገር ቤት ልማድ አሸነፋቸውና ከመቀመጫቸው ሆነው «ተቀበል!» አሉ። ከጎናቸው የነበሩ አንድ ሽማግሌ በክርናቸው ጎሰም አድርገው፥ «ልጄ፥ እዚህ ጭብጨባ እንጂ ስንኝ አይሰጥም» አሏቸው። አጎቴ ይህን ሲተርኩ ይስቁ ነበር። ከዚያም ቀጥለው፥ «በዚያ ምሽት አፌን ዘግቼ መስማትን ተማርሁ፤ ትዝታ ሲዘፈን ግን ሽማግሌው ራሳቸው መሐረባቸውን አወጡ» ይሉኝ ነበር።

በታኅሣሥ ወር 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ የመሩት የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ከሸፈ። መከራው ለሙዚቀኞቹም ተረፈ፤ ጥላሁንም ታስሮ ከተፈታ በኋላ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር መሥራት ጀመረ። የታሪክ መጻሕፍት ስለ ጄኔራሉ በሰፊው ይናገራሉ። አጎቴ የሚያስታውሱት ግን ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ትርዒት በሄዱበት ምሽት፥ ሰው ዜማውን ከመስማት ይልቅ የተጫዋቾቹን ፊት እየተመለከተ፥ ማን እንዳለና ማን እንደ ጎደለ በልቡ ይቆጥር ነበር። ይህን የመሰለውን ነገር ሊነግረን የሚችል በአዳራሹ ውስጥ የተገኘ ሰው ብቻ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ወጣቱን ያናወጠው የሮክ ኤንድ ሮል ማዕበል ወደ እኛም ደረሰ። በፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራ ይዘፍን የነበረው ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተባለ። በ1961 ዓ.ም. ወጣቱ ነጋዴ ዐምኃ እሸቴ፥ ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ሆኖ ሳለ፥ በድፍረት የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ። በዚህ ምክንያት ብዙ ዘፈኖች ከመጥፋት ዳኑ። ነገር ግን ሸክላ የሚይዘው ዜማውን እንጂ አድማጩን አይደለም። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ በጸና ጊዜ፥ ዋልያስ ባንድ በሚጫወትበት በሂልተን ሆቴልና ይህን በመሳሰሉት ሥፍራዎች እንግዳው ከእላፊው በፊት ገብቶ እስኪነጋ ድረስ ሲጨፍር ያድር ነበር። ያን ሌሊት ማን ከማን ጋር እንዳሳለፈው ከሸክላው ላይ አይሰማም።

አጎቴ በዚያን ጊዜ ወደ ፍኖተ ሰላም ተዛውረው ነበር። በዚያም ስሙን በሰከላ ከሚገኘው ከዓባይ ምንጭ የወሰደውን የግሽ ዓባይ የኪነት ቡድን ተመለከቱ። ዘመኑ የመፈክር ዘመን ነበርና መድረኩም ከመፈክር አላመለጠም። ይሁን እንጂ የልጅነታቸው ማሲንቆ በመድረክ ላይ በክብር ሲቆም አዩ። ከሕዝቡ መካከልም አንድ ሰው «ተቀበል!» ብሎ ቢጮኽ በክርኑ የጎሰመው አልነበረም።

አድማጮች ሆይ፤ አሁን አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። እኔ በየቀኑ መቅረጸ ድምፅ ይዤ የማላውቀውን ሰው ቃል ለመቅዳት የምዞር ሰው ነኝ። የአጎቴን ቃል ግን አንድ ቀን እንኳ አልቀዳሁም፤ «ነገ ይደርሳል» እያልሁ ስዘገይ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዐረፉ። አሁን የቀረኝ ይህ የነገርኋችሁ ብቻ ነው። ኦርኬስትራው በየትኛው ዘፈን እንደ ጀመረ፥ ኮቱን ያዋሷቸው ባልንጀራቸው ማን እንደ ነበሩ የምጠይቀው ሰው የለም።

እናንተ ግን በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ የዚያን ዘመን ወንበር የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች አሏችሁ። ሰነድ በመዝገብ ቤት ይጠበቃል፤ የእነርሱ ትዝታ ግን መዝገብ ቤት የለውም። ስለዚህ ዛሬውኑ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም ጻፉ።