መከራ ሳይመክር፦ በረዶ የሠራ ሐይቅና የደኅንነት ታሪኩ

በ1867 እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ ወር፣ አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን መልእክተኞች መቅደላ ላይ አስረው በነበረበት ጊዜ፣ ለንደን በብርቱ ብርድ ተይዛ ነበር። የከተማዋ ኩሬዎችና ሐይቆች በረዶ ሠርተው ሀብታሙም ድሃውም ሸርተቴ የሚጫወትባቸው ሜዳዎች ሆነዋል። በወሩ 15ኛ ቀን፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ በሪጀንትስ ፓርክ ሐይቅ ላይ የነበረው በረዶ ብዙ ሕዝብ እንደቆመበት ተሰነጣጥቆ ተበታተነ። ሁለት መቶ ያህል ሰዎች ውኃ ውስጥ ገቡ። 40ዎቹ ሞቱ፤ አብዛኞቹም ወጣት ወንዶችና ልጆች ነበሩ። አስከሬኑን ሁሉ ፈልጎ ለማውጣት ቀናት ፈጅቷል። በብሪታንያ ታሪክ በረዶ ተሰብሮ ይህን ያህል ሰው የሞተበት ሌላ አደጋ የለም። ስለዚያ ቀን ሲወራ ጣት የሚቀሰረው በአብዛኛው ጥንቃቄ በጎደለው ሕዝብ ላይ ነው። ከአደጋው በፊትና በኋላ የሆነውን አንድ ላይ ስናየው ግን ታሪኩ ሌላ ነገር ይነግረናል። በረዶ ላይ የሰው ሕይወት የሚተርፈው በሁለት መንገድ ነው፤ በረዶውን ለክቶ «ዛሬ አይቻልም» የማለት ሥልጣን ያለው ሰው ሲኖር፣ ወይም በረዶው ቢሰበር እንኳ የማይገድል ሐይቅ ሲዘጋጅ። ማስጠንቀቂያ ብቻውን ይህን ሥራ ሠርቶ አያውቅም።

በረዶ የሠራ ሐይቅ አይቶ ለማያውቅ አንባቢ መጀመሪያ የነገሩ ባሕርይ ሊገለጽለት ይገባል። ውኃ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ነው። ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ውኃ ቀለል ስለሚል ላይ ላዩን ይቀርና በረዶው ከላይ ወደ ታች እየወፈረ ይሄዳል፤ ከሥሩ ያለው ግን ውኃ እንደሆነ ይቆያል። ውፍረቱም ከዳር እስከ ዳር እኩል አይደለም። ምንጭ ባለበት፣ ወንዝ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ በድልድይ ሥር ይሳሳል። አመዳይ ሲከመርበት ደግሞ ችግሩ እጥፍ ነው፤ በአንድ በኩል ብርዱ ወደ ታች እንዳይዘልቅ ከልክሎ በረዶውን ከመወፈር ያግደዋል፣ በሌላ በኩል በክብደቱ ይጫነዋል። አንድ ቦታ ላይ መቶ ሰው የቻለ በረዶ ሃያ እርምጃ አልፎ አንድ ሕፃን ላይችል ይችላል። በአሜሪካ የሚኒሶታ ግዛት የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ያስፈልጋል ይላል፤ መቶ በመቶ አስተማማኝ የሚባል በረዶ እንደሌለም አብሮ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁሉ ከላይ በዓይን የሚለይ ነገር አይደለም። መሰርሰሪያ፣ መለኪያና ልምድ ይጠይቃል፤ በሕዝብ መሐል ቆሞ የሚጫወት ሰው ደግሞ እነዚህ በእጁ የሉም።

ለንደን እንዲህ ያለውን አደጋ የማታውቅ ከተማ አልነበረችም። በ1774 ሐኪሞቹ ዊልያም ሆስና ቶማስ ኮጋን የሰመጡ ሰዎችን ለማዳን አንድ ማኅበር አቋቁመዋል፤ በኋላ ሮያል ሂዩሜን ሶሳይቲ ተብሎ የታወቀው ነው። ማኅበሩ በሃይድ ፓርክ ሰርፐንታይን ሐይቅ ዳር ተጎጂዎች የሚታከሙበት ቤት ነበረው፤ በብርድ ወራትም መሰላል፣ ገመድና ጀልባ የያዙ ነፍስ አዳኞችን በሐይቆቹ ዳር ያሰማራ ነበር። በሪጀንትስ ፓርክም በዚያ ሳምንት ነበሩ። ከአደጋው በፊት በነበረው ቀን በረዶው ተሰብሮ 21 ሰዎች ውኃ ውስጥ ወድቀው ነበር፤ ሁሉም በሕይወት ወጡ። ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። በረዶው ሰው እንደማይችል 21 ጊዜ ተፈትኖ ተረጋግጧል፤ በማግስቱ ሐይቁ እንደገና በሰው ተሞላ። ነፍስ አዳኞቹ በጎ አድራጊ ማኅበር የቀጠራቸው ናቸው። ሥራቸው የወደቀን ማውጣት ነበር፤ ሐይቁን መዝጋት የእነሱ ሥልጣን አልነበረም። ማኅበሩ አንድ ሁለት ሰው ሲወድቅ ለማውጣት በሚገባ ተዘጋጅቷል። ሁለት መቶ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ ግን መሰላሉም ገመዱም አልበቃም፤ ጀልባዎቹም የበረዶውን ስብርባሪ ጥሰው ለማለፍ ተቸገሩ።

የሞቱበትንም መንገድ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። የዘመኑ የበረዶ መንሸራተቻ በአብዛኛው የእንጨት መርገጫና የብረት ስለት ነበረው፤ በቆዳ ጠፍር ከእግር ጋር ይጠፈራል፣ ብዙ ጊዜም ተረከዙ ላይ በብሎን ይታሰራል። ውኃ ውስጥ የገባ ሰው ይህን በደነዘዘ ጣት ሊፈታው አይችልም። የሱፍ ካፖርቱና ቦት ጫማው ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል። ዋና የሚችል ሰው ጥቂት ነበር፤ የሐይቁ ጥልቀት ደግሞ 12 ጫማ፣ ማለትም 3.7 ሜትር ገደማ፣ ይደርስ ነበር። ዛሬ በካናዳ የማኒቶባ ዩኒቨርሲቲው ጎርደን ጊስብሬክት በሰው አካል ላይ ባደረጋቸው ጥናቶች የታወቀ አንድ ቀላል ስሌት አለ። በረዷማ ውኃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግዛት አንድ ደቂቃ፣ እጅ እግሩን በቅጡ ለማዘዝ አሥር ደቂቃ፣ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ራሱን እስኪስት ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል አለው። ስለዚህ ብዙ ሰው የሚሞተው ሰውነቱ እስኪቀዘቅዝ ቆይቶ አይደለም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ይሰምጣል። እግሩ መሬት ቢነካ ኖሮ እነዚያ ደቂቃዎች ይበቁት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» የሚለው የአባቶች አነጋገር ለዚህ ሕዝብ የተነገረ ይመስላል። ትናንት ሰው እንደወደቀ እየሰማ ዛሬ የገባ ሰው ጥፋቱ የራሱ አይደለምን? አነጋገሩ እውነት አለው፤ ግን የሚሠራው መከራውን ቀምሶ ለሚተርፍ ሰው ነው። በረዶ ሥር የገባ ልጅ የሚማርበት ነገ የለውም። ሌላም ነገር አለ። አንድ ሰው ብቻውን ባዶ ሐይቅ ዳር ቢቆም ይፈራል፤ መቶ ሰው ሲጫወትበት ያየ ግን የመቶውን ሰው መኖር የበረዶው ጥንካሬ ማስረጃ አድርጎ ይወስደዋል። እያንዳንዱ በሌላው ተማምኖ ይገባል፣ ጠቅላላ ክብደቱን የሚቆጥር ግን ማንም የለም። እንዲህ ያለውን ስሕተት ግለሰብን በመውቀስ ማረም አይቻልም፤ ከሕዝቡ ውጭ ቆሞ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል።

ከአደጋው በኋላ የተወሰደው እርምጃ ይህን ክርክር ያጠናክረዋል። አሟሟታቸው ሲመረመር ፍርዱ ድንገተኛ አደጋ ነው የሚል ሆነ፤ ማንም አልተቀጣም። የሐይቁ ውኃ ግን እንዲፈስ ተደርጎ ወለሉ ተደለደለና ጥልቀቱ ወደ 4 ጫማ፣ ማለትም ወደ 1.2 ሜትር ገደማ፣ እንዲቀንስ ተደረገ። በ1886 በዚያው ሐይቅ ላይ በረዶው እንደገና ተሰብሮ አንድ መቶ ያህል ሰዎች ወደቁ፤ ሁሉም ተረፉ። የለንደን ሕዝብ በ19 ዓመት ውስጥ ጠንቃቃ ሆኖ አልነበረም፤ እንደ ድሮው ተጋፍቶ ገብቷል። የተለወጠው የሐይቁ ወለል ነው። ከምክር ሁሉ የበለጠ የሠራው አካፋ ነበር።

«ይህ ሰው ለሠራው የመናፈሻ ሐይቅ ይሆናል፤ የተፈጥሮ ሐይቅን ማን ሊደለድል ይችላል?» የሚል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። አንዱ መልስ ከሐይቅ መውጣት ነበር። በ1876 ጆን ጋምጂ በለንደን ቼልሲ ግላሲያሪየም የተባለ በማሽን የሚቀዘቅዝ የሸርተቴ ቦታ ከፈተ፤ ዛሬ በየከተማው ያሉት የሸርተቴ አዳራሾች የዚያ ተከታዮች ናቸው። ነገር ግን ቦታው ለአባላት ብቻ ነበር፤ ድሃው ልጅ ከሐይቁ ጋር ቀረ። የተሻለው መልስ የተገኘው በሰሜን ኔዘርላንድስ፣ በፍሪስላንድ ነው። እዚያ አሥራ አንድ ከተሞችን በቦይና በሐይቅ የሚያገናኝ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የሸርተቴ ጉዞ አለ፤ ኤልፍስቴደንቶክት ይባላል። የመጀመሪያው በ1909፣ እስካሁን የመጨረሻው፣ 15ኛው፣ በጃንዋሪ 1997 ተካሄደ። ከ16,000 በላይ ሰዎች የሚካፈሉበት ስለሆነ በረዶው በመንገዱ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ሊኖረው ይገባል። መንገዱ በክፍል በክፍል ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ኃላፊ ተመድቦለታል፤ ኃላፊው የክፍሉን በረዶ እየለካ ለአዘጋጁ ማኅበር ያሳውቃል። በፌብሩዋሪ 2012 ብርዱ በርትቶ አገሩ በሙሉ በጉጉት ሲጠብቅ፣ ማኅበሩ በደቡቡ ክፍል በረዶው በቂ ውፍረት የለውም ብሎ ጉዞው እንደማይካሄድ አስታወቀ። የአንድ ሕዝብን ናፍቆት በሴንቲ ሜትር መለኪያ ማቆም የሚችል ሥልጣን ማለት ይህ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥጥር የጨዋታውን ነፃነት ያጠፋል የሚሉም አሉ። ፍሪስላንድ ይህን ሐሳብ ታፈርሳለች፤ ይህን ያህል የሚለካና የሚከለከል ጉዞ ሆኖ ሳለ ከሱ በላይ የሚወደድ የለም። ከቁጥጥር ውጭ በየሐይቁ መንሸራተት የተለመደባት ስዊድንም ብትሆን ደኅንነትን ለዕድል አልተወችም። ልምድ ያላቸው ተንሸራታቾች በቡድን ይሄዳሉ፤ በረዶውን በሹል ዘንግ እየመቱ ጥንካሬውን ይፈትናሉ፤ አንገታቸው ላይ በረዶ ቆንጥጠው የሚወጡበት ሹል መያዣ ያንጠለጥላሉ፤ ገመድና ደረቅ ልብስም ይይዛሉ። በለንደን በመቶ ሰው መሐል ያልነበረው ለኪ እዚህ ከእያንዳንዱ ቡድን ጋር አብሮ ይጓዛል።

ዛሬ በሚኒሶታ፣ በቶሮንቶና በስቶክሆልም ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ። ልጆቻቸው በረዶ በሠራ ሐይቅ ዳር ያድጋሉ፤ ወላጆቹ ግን እንዲህ ያለ ሐይቅ በሌለበት አገር ስላደጉ ለልጆቻቸው የሚያወርሱት የበረዶ ልምድ የላቸውም። ስለዚህ ለእነዚህ ወላጆች የማቀርበው አንድ ልመና ነው። ልጃችሁ ወደ ሐይቅ ሊሄድ ሲነሳ «ተጠንቀቅ» ብላችሁ ብቻ አትሸኙት። በረዶውን ዛሬ ማን እንደለካው፣ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና ቢሰበር ማን እንደሚያወጣው ጠይቁ። መልስ የሚሰጣችሁ ሰው ከሌለ ልጁ ቤት ይዋል።