ከቡታጅራ እስከ ኤመሪቪል፦ የአእምሮ ሕመም ዓይነቶች፣ መንስኤዎቻቸውና የስደት ኑሮ

ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ የቡታጅራን ገጠር ነዋሪዎች ስለ አእምሮ ሕመም ጠይቀው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሕመም ምልክት ተብለው በብዛት የተጠቀሱት ብዙ መናገር፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ ነበሩ። ለአካል ሕመም ሐኪም ቤት፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊ ሕክምና ይመረጥ ነበር። ያው ጥያቄ ዛሬ ካሊፎርኒያ ባለችው ኦክላንድ ውስጥ፣ ቴሌግራፍ ጎዳና ካሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች በአንዱ ለተቀመጡ ሰዎች ቢቀርብ መልሱ ብዙ የሚለወጥ አይመስለኝም። መንገድ ላይ ለብቻው የሚያወራው ታማሚ ይባላል። ሥራ ውሎ፣ ለቤተሰብ ገንዘብ ልኮ፣ ማታ እንቅልፍ አልወስደው ብሎ የሚያነጋው ግን ሥራ የደከመው ወይም ናፍቆት የያዘው ሰው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የ2019 ግምት ደግሞ ሌላ ሥዕል ያሳያል። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ 970 ሚሊዮን ያህል ሰዎች፣ ማለትም ከስምንት ሰው አንዱ፣ ከአንድ ዓይነት የአእምሮ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ከእነዚህ 301 ሚሊዮኑ የጭንቀት ሕመም፣ 280 ሚሊዮኑ ድባቴ ነበረባቸው። ባይፖላር 40 ሚሊዮን፣ ስኪዞፍሬኒያ 24 ሚሊዮን ሰዎችን ይመለከታል። ማኅበረሰባችን «ሕመም» ብሎ የሚያውቀው ቁጥሩ አነስተኛ የሆነውን ክፍል ነው። ብዙውን የሚያሠቃየው ሕመም ድምፅ የለውም፤ ድምፅ ስለሌለውም ስም ሳይሰጠው ይከርማል።

ድባቴ ከሐዘንና ከመከፋት የሚለየው በቆይታውና በስፋቱ ነው። ሐኪሞች ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት የሚዘልቅ የስሜት መጨለም ወይም ቀድሞ ደስ ይል የነበረውን ነገር ሁሉ መጥላት ይፈልጋሉ፤ ከዚያ ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሲብስም ሞትን መመኘት ይመጣል። የእኛ ሰው ክሊኒክ ሲገባ ግን በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ጨጓራ፣ ስለ ጭንቅላት ማቃጠል ነው። የሚያክመው ነርስ ወይም ሐኪም ከዚያ አልፎ ካልጠየቀ የጨጓራ መድኃኒት ይዞ ይመለሳል። የጭንቀት ሕመምም እንዲሁ በአካል ይገለጣል፦ የልብ ድካም የመጣበት መስሎት ድንገተኛ ክፍል የሚሮጥ፣ የልብ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ተብሎ የሚሸኝ፣ በሳምንቱም ተመልሶ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ የድንገተኛ ፍርሃት ሕመም ያለበት ነው። ኦሲዲ የሚባለው ደግሞ በማይፈለግ ሐሳብና ሐሳቡን ለማብረድ በሚደጋገም ድርጊት ይታወቃል። በሃይማኖተኛ ሰው ላይ ሲወድቅ ጸሎቱን «በትክክል አላደረስኩም» ብሎ ደጋግሞ መጀመር ሊሆን ስለሚችል፣ ዘመድ እንደ ትጋት ይቆጥረውና ሕመሙ ለዓመታት ተሸፍኖ ይቀራል።

ባይፖላር ሁለት ፊት አለው። በአንዱ ወቅት ድባቴ፣ በሌላው ያለ እንቅልፍ የሚዘልቅ ጉልበት፣ የማይጨበጥ ዕቅድ፣ የገንዘብ መበተንና ቁጡነት ይታያል። ስኪዞፍሬኒያ ላይ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ያልተፈጸመን ነገር እርግጠኛ ሆኖ ማመንና የሐሳብ መበታተን ጎልተው ይታያሉ። ቤተሰብን ይበልጥ የሚጎዳው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ ዝምታው፣ መነሣሣት ማጣቱ፣ ከሰው መራቁ። እነዚህ ስሞች በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በዲኤስኤም-5 (2013) እና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው በዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች መዝገብ በአይሲዲ-11 ተዘርዝረዋል። በሰው ላይ ያለው ድንበራቸው ግን መጽሐፉ ላይ ካለው የላላ ነው፤ ድባቴና ጭንቀት በአንድ ሰው ላይ አብረው መገኘታቸው የተለመደ ነገር ነው።

ለመሆኑ ከየት ይመጣሉ? ከኦክላንድ ጋር ድንበርተኛ የሆነችው ትንሿ ኤመሪቪል በዚህ ጥያቄ ታሪክ ውስጥ ድርሻ አላት። ኬሪ ሙሊስ የዘር ቁስን በፍጥነት የሚያባዛውን ፒሲአር የተባለ ዘዴ በ1983 ያሰበው እዚህ በነበረው ሴተስ በተባለ ኩባንያ ሲሠራ ሲሆን፣ በ1993 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። የዘር ምርምር ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ተስፋፋ፤ ከውጤቱ አንዱም በአንድ ጂን የሚመጣ «የእብደት ዘር» የሚለው እምነት መፍረሱ ነው። በ2022 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት 76,755 ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸውን ሰዎች ከ243,649 ሌሎች ሰዎች ጋር አነጻጽሮ ከሕመሙ ጋር የተያያዙ 287 የዘር ሥፍራዎችን ለይቷል። እያንዳንዳቸው ያላቸው ድርሻ እጅግ ጥቂት ነው። በመንትዮች ላይ በተደረጉ ጥናቶች የዘር ድርሻ ለስኪዞፍሬኒያ ወደ 80 በመቶ፣ ለድባቴ ከ35 እስከ 40 በመቶ ይገመታል። ሆኖም ፍጹም አንድ ዓይነት ዘር ካላቸው መንትዮች አንዱ ስኪዞፍሬኒያ ሲይዘው ሌላው የሚያዘው በግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ነው። ይህን ለጋብቻ «ዘሩን አጥኑ» ለሚሉ ቤተሰቦች ደጋግሞ መንገር ይገባል፦ የሚወረሰው ተጋላጭነት ነው፤ ሕመሙ የግድ አብሮ አይወረስም። እስካሁን የተሰበሰበው መረጃ በአብዛኛው የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሰዎች መሆኑም ትልቅ ጉድለት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ ተቋማት ጋር የተሳተፈበት ኒውሮጋፕ የተባለው ጥናት ይህን ጉድለት ለመሙላት የተጀመረ ነው።

ስለ ከባዶቹ ሕመሞች በአፍሪካ ገጠር የምናውቀው ብዙ ነገር የመጣው ከቡታጅራ ነው። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፕሮፌሰር ደረጀ ከበደ፣ በፕሮፌሰር አታላይና በባልደረቦቻቸው 68,378 ጎልማሶች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከሺህ ሰው 4.7 ያህሉ ስኪዞፍሬኒያ እንዳለባቸው ተገኘ፤ የባይፖላርም መጠን ለዚህ የቀረበ ነበር። ከዚያ በፊት በድሃ አገሮች የስኪዞፍሬኒያ ሂደት ከሀብታሞቹ ይሻላል የሚል አጽናኝ ሐሳብ በዓለም ተስፋፍቶ ነበር። ቡታጅራ ይህን አላረጋገጠችም፦ በአምስት ዓመት ክትትል 45 በመቶ ያህሉ ሕመምተኞች ምልክቱ ሳይለቃቸው ቆይተዋል፤ ከሞላ ጎደል ጊዜውን ሁሉ በደህንነት ያሳለፉት 20 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። ፕሮፌሰር አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በ2015 ያሳተሙት ደግሞ ከዚህ የከበደ ነው። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት ተከታትለው 121ዱ እንደሞቱ አገኙ፤ ከሚጠበቀው ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ቀድመው ማለት ነው። ከሞቱት ግማሽ ያህሉን የገደለው ተላላፊ በሽታ ነበር። እነዚህ ሰዎች የሞቱት ሊታከም በሚችል ነገር ነው፤ የአእምሮ ሕመምተኛ ሲያስለው ወይም ሲያተኩሰው «ያው ነው» ተብሎ ስለሚታለፍ። ይህን አኃዝ ሳነብ ከመቆጨት ሌላ ስሜት አይሰማኝም።

አሁን ወደ ስደት እንምጣ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም ይኸው ነው። ኖርዌያዊው የአእምሮ ሐኪም ኤርኑልቭ ኤድገርድ በ1932 ሚኒሶታ የሰፈሩ ኖርዌያውያን አገራቸው ከቀሩት ይልቅ ለስኪዞፍሬኒያ ሆስፒታል እንደሚገቡ ሲያይ፣ ቀድሞውንም ለሕመሙ የተጋለጡት ናቸው የሚሰደዱት ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የተሰበሰበው ማስረጃ ይህን ማብራሪያ አይደግፍም። ተመራማሪዎቹ ካንቶር-ግራየና ሰልተን በ2005 የበርካታ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ የስኪዞፍሬኒያ ዕድል በስደተኞች 2.7 እጥፍ፣ በስደት ምድር በተወለዱ ልጆቻቸው ደግሞ 4.5 እጥፍ ሆኖ አገኙት፤ ጭማሪው ጥቁር ቆዳ ባላቸው ስደተኞች ላይ ይበልጥ ጎላ። ልጆቹ አልተሰደዱም። የተሰደደው ሰው ቀድሞውንም ታማሚ ነበር የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይቆማል፤ ከመጡ በኋላ የሚኖሩበትን ኑሮ መመርመር ግድ ይሆናል። በስዊድን 1.3 ሚሊዮን ሰዎችን ተመልክቶ በ2016 የወጣው ጥናት ደግሞ ከተመሳሳይ አካባቢዎች ከመጡ ሌሎች ስደተኞች ጋር ሲነጻጸር ጥገኝነት ያገኙት ሰዎች ለሳይኮሲስ (ስኪዞፍሬኒያን ለመሳሰሉ ከእውነታ ለሚያርቁ ሕመሞች) ያላቸው ዕድል 66 በመቶ እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ስለ እኛ ሰዎች በቀጥታ የሚናገረው በተመራማሪው ፌንታና በባልደረቦቻቸው በቶሮንቶ የተደረገውና በ2004 የታተመው ጥናት ነው። ከ342 ኢትዮጵያውያን ጎልማሶች 9.8 በመቶው በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ድባቴ ይዟቸው ነበር፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገኘው ሦስት እጥፍ ያህል። ከድባቴው ጋር የተያያዙት ከስደት በፊት የደረሰ አሰቃቂ ነገርና በስደተኛ መጠለያ መኖር ነበሩ፤ ከመጡ በኋላ የደረሱ የኑሮ ፈተናዎችም እንዲሁ። የመጀመሪያዎቹን ማንም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያጠፋቸው አይችልም። የቀይ ሽብር ዘመን፣ የሱዳን በረሃ፣ ከ2020 እስከ 2022 በሰሜን ኢትዮጵያ የሆነው ጦርነት፣ ከ2023 ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት፣ ሁሉም በሰው ውስጥ ይቀራል። ለአንዳንዱም በቅዠት፣ በድንጋጤና ያን ቀን የሚያስታውስን ሁሉ በመሸሽ የሚታወቀውን ድህረ-አደጋ ሕመም ይተዋል። ሁለተኛው፣ ከመጡ በኋላ ያለው ኑሮ፣ ግን እጃችን ላይ ያለ ነው።

ኦክላንድ ባለችበት በቤይ ኤሪያ ያለው ኑሮ በዝርዝር ሲታይ ምን ይመስላል? አገሩ ላይ መምህር ወይም ሒሳብ ሠራተኛ የነበረ ሰው በሌሊት ፈረቃ አረጋውያንን ሲንከባከብ ወይም ታክሲ ሲነዳ ያነጋል። የባይፖላር ተጋላጭነት ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የእንቅልፍ መጥፋት ራሱ የከፍታውን ወቅት ሊያስነሣ ይችላል። የጥገኝነት ጉዳዩ ለዓመታት የተጓተተበት ሰው ቤተሰቡን አያመጣም፣ እናቱም ስታርፍ ሄዶ አይቀብርም። መርዶው ከወዳጆች ስብሰባ ይልቅ በስልክ ወይም በፌስቡክ ይደርሰዋል። አገር ቤት ልቅሶ ሥርዓት አለው፦ እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሰው ለቀናት አብሮ ይቀመጣል፣ እስከ አርባ ቀን ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። እዚህ በማግስቱ ሥራ መግባት አለ። አይሲዲ-11 የተራዘመ ሐዘን የተባለን ሕመም ከስድስት ወር በኋላም ኑሮን ለሚያሰናክል ሐዘን ለይቶ አስቀምጧል፤ በባህሉ ከሚጠበቀው የላቀ መሆኑም አንዱ መለኪያው ነው። እዚህ ያለ እድር አባሉ አገር ቤት ለሞተበት ሰው ጭምር ድንኳኑን ሲተክል የሕመም መከላከያ እየሠራ ነው ብዬ አምናለሁ።

የልጆቹ ነገር ሌላ ነው። ካሊፎርኒያ ካናቢስን ለመዝናኛ በ2016 ፈቅዳ ከ2018 ጀምሮ በሱቅ ይሸጣል። በ2019 ላንሴት ሳይካትሪ ላይ የወጣው የአውሮፓ ከተሞች ጥናት ጠንካራውን ዓይነት በየቀኑ በሚወስዱ ሰዎች ላይ የሳይኮሲስ ዕድል ወደ አምስት እጥፍ ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የቤተሰብ ታሪክ ላለው ወጣት ስጋቱ የባሰ ነው። ወላጆች ስለ ጫት የሚያውቁትን ያህል ስለዚህ አያውቁም፤ ልጃቸው ትምህርቱን ትቶ ክፍሉ ሲዘጋ «ተበላሸ» ይላሉ፤ ወራትም ያልፋሉ።

ወራቱ ዋጋ አላቸው። ሳይኮሲስ ሳይታከም የቆየበት ጊዜ በረዘመ ቁጥር ውጤቱ እንደሚከፋ በብዙ ጥናት የተረጋገጠ ነው። በእኛ ዘንድ ሕክምናው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ጎረቤት ወይም ቤተሰብ ለፖሊስ ሲደውል ነው። በካሊፎርኒያ ሕግ 5150 ተብሎ በሚታወቀው አንቀጽ ራሱን ወይም ሌላውን ሊጎዳ ይችላል የተባለ፣ ወይም ራሱን መጠበቅ ያልቻለ ሰው እስከ 72 ሰዓት ያለ ፈቃዱ ሊያዝ ይችላል። ኦክላንድ በምትገኝበት በአላሜዳ አውራጃ ብዙዎቹ የሚወሰዱት ሳን ሊያንድሮ ወደሚገኘው ጆን ጆርጅ ሆስፒታል ነው። ከሐኪም ጋር የመጀመሪያው ትውውቅ በካቴና ሲሆን ቀጣዩን ቀጠሮ የሚያከብር ሰው ጥቂት ቢሆን አይገርምም።

ቀድሞ ካህን ጋ መሄድ በራሱ ጉዳት የለውም። የቶሮንቶው ጥናት ሕመም ካለባቸው ውስጥ ከሐኪም ይልቅ ወደ ባህላዊ ፈዋሽ የሄዱት እንደሚበዙ ያሳያል፤ ያን መንገድ ከመዝጋት ይልቅ ከሐኪሙ ጋር ማገናኘት ይሻላል። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ ፀበልና የኤችአይቪ መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ መናገራቸው ብዙ ሰው አድኗል ብዬ አምናለሁ። ለአእምሮ መድኃኒትም ይኸው ቃል በኦክላንድና በሳን ሆዜ አብያተ ክርስቲያናት ከመድረክ ቢነገር እመኛለሁ። አንድ ነገር ግን በተለይ መታወቅ አለበት፦ ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሳይጠጣ ሲጾም መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ እስከ መመረዝ ሊጠራቀም ይችላል። ስለዚህ ጾም ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ መስማት አለበት፤ ሐኪሙ ካልጠየቀም ታማሚው ራሱ ወይም አስታማሚው ይንገረው።

ታማሚው ለሐኪሙ የሚናገርበት ቋንቋ ጉዳይም አለ። እናት ስለ ቅዠቷና ስለ መሞት ምኞቷ በአሥራ ሁለት ዓመት ልጇ አፍ ለሐኪም እንድትናገር ማድረግ ሁለቱንም ይጎዳል፤ እሷ ትደብቃለች፣ እሱ ደግሞ የማይችለውን ይሸከማል። የፌዴራል ደንብም ከአስቸኳይ ሁኔታ በቀር ልጅን ማስተርጎም ይከለክላል፤ የአማርኛ አስተርጓሚም ያለ ክፍያ የማግኘት መብት አለ። ቀጠሮ ሲያዝ፣ ገና በስልክ ሳሉ፣ «አማርኛ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።