ከትልም የወጣ መሐለቅ

በአክሱምና በዙሪያዋ ያለው የእርሻ መሬት የጥንት ከተማና የመንደር ፍርስራሽ የተኛበት በመሆኑ፣ ማረሻ ትንንሽ መሐለቆችን ከአፈር ማውጣቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ብዙዎቹ ከነሐስ የተሠሩና አረንጓዴ ዝገት የለበሱ ስለሆኑ ለማያውቃቸው ሰው ዋጋ ቢስ ይመስላሉ።

መለያቸው ግን ግልጽ ነው። የአክሱም ነገሥታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ270 ዓ.ም. ገደማ እስከ 7ኛው ምእት ዓመት በወርቅ፣ በብርና በነሐስ ገንዘብ ሲያስመቱ፣ በመጀመሪያ ጨረቃና ክብ፣ ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ መስቀል ያስቀርጹ ነበር። በወርቁ ላይ የንጉሡን ምስል ሁለት የእህል ዛላዎች ያቅፉታል፤ ጽሑፉም በአብዛኛው ግሪክኛ ነው። በብሩና በነሐሱ ላይ ግን ግእዝ እየተተካ ሄዷል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ በስስ ወርቅ የተለበጡ ናቸው።

እንግዲህ መሐለቁ ይጥራ ተብሎ በአሸዋ ወይም በሎሚ ሲፈተግ፣ ልባጡና ፊደሉ ከዝገቱ ጋር ይጠፋሉ። ጉዳቱም ቀላል አይደለም፤ የመጀመሪያው ገንዘብ አስመቺ ንጉሥ እንዱቢስ እንኳ የሚታወቀው በመሐለቆቹ ብቻ ነው። ከዚህም ሌላ፣ ከስፍራው የተነጠለ መሐለቅ የንጉሥ ስም ብቻ ሲናገር፣ ስፍራው የታወቀለት ግን አብሮት የተቀበረውን ቤትና ዕቃ ዘመን ይመሰክራል።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያስታውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ለታሪክ የሚጠቅመው መሐለቅ የጠራው ሳይሆን፣ የወጣበት ትልም የታወቀለት ነውና።